ዲሲ ዩናይትድን መደገፍ ያዋጣል? አሜሪካ ሆኖ ቡድን ለሚመርጥ ሰው

መልሱን ከመጀመሪያው ልስጣችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ሰሜን ቨርጂንያ የምትኖሩ ከሆነ፣ አዎ ያዋጣል። ቡድኑ የሚጫወተው ኤምኤልኤስ በሚባለው የአሜሪካ ዋናው የወንዶች እግር ኳስ ሊግ ነው። ሰሞኑን ደካማ ነው፤ እሱን አልደብቃችሁም፣ እመጣበታለሁ። ግን ስታዲየሙ ኦዲ ፊልድ ገብቶ ኳስ ማየት እዚህ አካባቢ ካለ የኳስ ደስታ ሁሉ ይበልጣል። ለልጆች ደግሞ ወላ ፕሪሚየር ሊግ ወላ ሜሲ አይተካውም።

ይህን የምጽፈው «ልጄ ኳስ ወዷል፣ የትኛውን ቡድን ይደግፍ?» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ጭራሽ ጥያቄ አልነበረም። እኛ ቡድን መርጠን አናውቅም፤ ታላቅ ወንድም ወይ የሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት መርጦልን ነው የኖርነው። አርሴናል ከሆንክ አርሴናል፣ ማንቼ ከሆንክ ማንቼ፣ በቃ ዕድሜ ልክ። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ግን ከባዶ ነው የሚጀምረው። ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ስለ አካባቢው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ስለ ኮማንደርስ ያወራሉ፣ ሳሎን ውስጥ አባቱ አርሴናልን እያየ ይጮሃል፣ ስልኩን ሲከፍት ሜሲ ይመጣል። ስለዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ አይቼ የመሰለኝን ልበል። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በፕሪሚየር ሊግ ልጀምር፣ ብዙዎቻችን ቤት ያለው እሱ ነውና። እዚህ አገር ከ2013 ጀምሮ የማሳየት መብቱ የኤንቢሲ ነው። ጨዋታዎቹ በኤንቢሲ፣ በዩኤስኤ ኔትወርክና በፒኮክ ይከፋፈላሉ። ፒኮክ በጁላይ 2025 ከነማስታወቂያው በወር 10.99 ዶላር ገብቷል። ሁሉንም ጨዋታ ላያመልጠኝ ለሚል ሰው ደግሞ ፒኮክ ብቻውን አይበቃም፣ ዩኤስኤ ኔትወርክም ያስፈልገዋል። ሻምፒዮንስ ሊግ ሲጨመር ፓራማውንት ፕላስ የሚባል ሌላ ክፍያ ይመጣል። ተደምሮ ሲታይ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

እንደ አገልግሎት ግን አሪፍ ነው። እንግሊዝ አገር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ የሚደረጉ ጨዋታዎች በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፉም። ሰው ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጦ የታችኛው ሊግ ስታዲየሞች ባዶ እንዳይሆኑ ተብሎ የቆየ ደንብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ሁሉም ይታያል። ለንደን የሚኖረው የአርሴናል ደጋፊ የማያየውን ጨዋታ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጠዋት ቡናውን ይዞ ያየዋል። ሌላም ነገር አለ፣ ለእኛ ትልቁ ነገር። በዚያው ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑ እየመሸ ነው፤ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የድሮ ጓደኛ፣ ሁሉም ያንኑ ጨዋታ እያየ ነው። ጎል ሲገባ የቤተሰቡ ቴሌግራም ይቀልጣል። ከአጎቱ ጋር ሌላ የሚያወራው ነገር የሌለው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ አርሴናሉ ሳካ ግማሽ ሰዓት ሲያወራ ሰምቻለሁ፣ በአማርኛ። ይሄን ዲሲ ዩናይትድ አይሰጣችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ዲሲ ዩናይትድን የሚከታተል ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለው? ልጁ ቡድኑን በአካል አያይም። ክለቦቹ አልፎ አልፎ በበጋው ይመጣሉ፤ በጁላይ 2023 አርሴናል እዚሁ ኦዲ ፊልድ ላይ ከኤምኤልኤስ ኮከቦች ጋር ተጫውቶ 5 ለ 0 አሸንፎ ሄዷል። ደስ ይላል። ግን የወዳጅነት ጨዋታ ነው፣ ማንም ሞት ሽረት ብሎ አይሮጥም። ልጅ ኳስን በስክሪን ብቻ ሲያውቅ ኳስ ማለት የዩቲዩብ ጎል ይመስለዋል። ተከላካዩ ኳስ ሳይኖረው የት እንደሚቆም፣ በረኛው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ እንዴት እንደሚጮህ፣ ቡድኑ ሲመራ የሰዉ ትንፋሽ እንዴት እንደሚቀየር ካሜራ አያሳይም።

ሁለተኛው መንገድ አሜሪካዊ ተጫዋች ያለበትን ቡድን መከተል ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይጀምራል። ችግሩ ተጫዋች አይቀመጥም። ፑሊሲክን ውሰዱ፣ የፔንሲልቫንያ ልጅ ነው፤ ዶርትሙንድ፣ ከዚያ ቼልሲ፣ ከ2023 ጀምሮ ሚላን። እሱን የተከተለ ልጅ ሦስት ማልያ ገዝቷል ማለት ነው። የእኛ ልጅ ጌድዮን ዘላለምንም አስታውሱ። በርሊን ተወልዶ እዚሁ ሜሪላንድ ያደገ፣ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን፣ የያኔው አሰልጣኝ ቬንገር አርሴናል ያስገቡት አማካይ። ያኔ እዚህ ያለ አበሻ ሁሉ እንዴት ተስፋ እንዳደረገበት! ሬንጀርስ በውሰት ሄደ፣ ጉዳት ተደጋገመበት፣ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ኤምኤልኤስ ውስጥ ካንሳስ ሲቲና ኒውዮርክ ተጫወተ። ለእሱ ያለኝ ፍቅር እስከ ዛሬ አልቀነሰም። ግን በአንድ ልጅ እግር ላይ የቆመ ድጋፍ ልጁ ሲጎዳ አብሮ ይወድቃል።

የግድ የእንግሊዝ ቡድን ከአሜሪካ ጋር የተሳሰረ ይሁንልኝ ለሚል ሰው ፉልሃምን እመክራለሁ። የተጫወቱለትን አሜሪካውያን ቁጠሩ፦ ማክብራይድ፣ ቦካኔግራ፣ ዴምፕሲ፣ ቆይቶ ቲም ሪም፣ ከዚያ አንቶኒ ሮቢንሰን። አንዱ ሲሄድ ሌላው እየመጣ ሃያ ዓመት አልፏል። ዴምፕሲ በ2011/12 የውድድር ዓመት በሊጉ ብቻ 17 ጎል አግብቶላቸዋል። ሬክሳምም አለ፤ ሁለት የፊልም ተዋንያን በ2021 ከገዙት በኋላ በተከታታይ ሦስት ዓመት አድጎ ቻምፒዮንሺፕ ገብቷል። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ልጆች ይወዱታል። እኔን ግን ፉልሃም ይበልጥ ይስበኛል፣ ምክንያቱም ያለ ፊልም ካሜራ ነው አሜሪካውያንን ያቀፈው።

ሜሲን በተመለከተ አጭር ነኝ። በ2023 ማያሚ መጣ፣ በ2025 የሊጉን ዋንጫ አነሳ፣ ሊጉን ለዓለም አሳየ። ተጫዋቹን ውደዱት፤ የማይወደው ማን ነው? ሜሪላንድ ቁጭ ብሎ ማያሚን መደገፍ ግን አንድ ሰውን መደገፍ ነው፣ ያም ሰው የ1987 ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ኦዲ ፊልድ የተከፈተው በጁላይ 2018 ነው፣ በዲሲ ደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ባዘርድ ፖይንት በሚባለው ቦታ፣ ከናሽናልስ ቤዝቦል ስታዲየም በእግር ቅርብ። 20,000 ሰው ይይዛል። ይሄ ቁጥር ለእኔ የዚህ ስታዲየም ዋና ጥቅም ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ስታዲየም ውስጥ ኳስ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳው ከሩቅ ነው፣ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው፣ ድምፁ ይበተናል። እዚህ መቀመጫው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሆናችሁም የተጫዋቹን ፊት ታውቃላችሁ። ፊት ለፊት የተቀመጠ ልጅ ኳሷ ስትመታ ድምፁን ይሰማል። አሰልጣኙ ሲቆጣ ይሰማል።

ለመድረስ ሜትሮ ያዙ። ግሪን ላይን ላይ ኔቪ ያርድ ወርዳችሁ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ከነመኪናችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ግን ማቆሚያውን ቀድማችሁ ያዙ፣ አካባቢው ጠባብ ነው። ትንሽ ልጅ ካለ ሩብ ሰዓቱን ወደ ግማሽ አስቡት። በነገራችን ላይ መንገዱ ራሱ ጥሩ ነው፤ ጥቁርና ቀይ የለበሰ ሰው አብሯችሁ ይሄዳል፣ ከበሮው ስታዲየሙ ሳይታይ ይሰማል።

ከበሮው የማን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ከጎሉ ጀርባ ቆመው ዘጠናውን ደቂቃ ሳያቋርጡ የሚዘፍኑ የደጋፊ ማኅበራት አሉ። ስክሪሚንግ ኢግልስ አንዱ ነው፣ ላ ባራ ብራቫ ሌላው። ላ ባራ ብራቫን የመሠረቱት በብዛት ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ሊጉ በ1996 ሲጀመር የዲሲ ዩናይትድ ሞተሮች ማርኮ ኤቼቬሪና ሃይሜ ሞሬኖ የሚባሉ ሁለት ቦሊቪያውያን ነበሩ፣ በዚህ አካባቢ ደግሞ ብዙ ቦሊቪያውያን ይኖራሉ። እና እነዚያ ሰዎች ከበሮአቸውን፣ ዘፈናቸውን፣ ጩኸታቸውን ይዘው ገቡ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆነው፣ የስታዲየሙ ድምፅ ዛሬም የእነሱ ነው። ይሄን ሳይ ሁሌ የሚሰማኝ ነገር አለ። በዚህ አካባቢ የእኛም ሰው ብዙ ነው፣ ከመላው አሜሪካ እንኳ የሚተካከለን ከተማ የለም። ኳስም እንወዳለን። አንድ ጥግ ይዘን በእስክስታ ጎል የምናከብርበትን ቀን ማየት እፈልጋለሁ።

እንዲያውም እኛ በከተማ መደገፍን አዲስ የምንማረው ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ላይ ቡድኖቹን ሲያገናኝ ሰው የሚጮኸው ለሚኖርበት ከተማ ነው። አትላንታ የሚኖረው ለአትላንታ፣ ሲያትል የሚኖረው ለሲያትል። ማንም «ጎንደር ስለተወለድኩ» ብሎ ሌላ ቡድን አይፈልግም። የምንኖርበት ከተማ የእኛ መሆኑን በዚያ ውድድር ላይ አምነን ከተቀበልን ኤምኤልኤስ ላይ የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

ታሪኩም የሚያኮራ ነው። ዲሲ ዩናይትድ የሊጉን የመጀመሪያ ዋንጫ በ1996 አነሳ፣ በ1997 ደገመ፣ በ1999 እና በ2004 ጨመረ። በ1998 የኮንካካፍ፣ ማለትም የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ እና የካሪቢያን ክለቦች፣ ሻምፒዮን ነበር። ያን ጊዜ የሚጫወቱት አርኤፍኬ ላይ ነው፤ ደጋፊው ሲዘል መቀመጫው ራሱ አብሮ የሚዘል አሮጌ ስታዲየም። በ2004 ደግሞ ፍሬዲ አዱ በ14 ዓመቱ ለዚህ ቡድን ተሰለፈ። ጋና የተወለደ ልጅ ነው፤ እናቱ በግሪን ካርድ ሎተሪ፣ እኛ ዲቪ በምንለው፣ ዕድል ደርሷቸው ነው ቤተሰቡ ሮክቪል ሜሪላንድ የገባው። የተባለለትን ያህል አልሆነም፣ ከልጅ የማይጠበቅ ሸክም ጭነውበት ነበር። ግን የዲቪ ልጅ በ14 ዓመቱ የከተማውን ማልያ ለብሶ ሲገባ ማየት ለስደተኛ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ለማንቼ ደጋፊዎች ደግሞ ሩኒ አለ። ኦዲ ፊልድ በተከፈተበት ቀን ነው ለዲሲ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ኦገስት 12 ላይ፣ ከኦርላንዶ ጋር 2 ለ 2 ሆነው ጭማሪ ሰዓት ገባ። የዲሲ በረኛ ሳይቀር ለጎል ወጥቶ ነበር። ኳሷ ተነጠቀች፣ የኦርላንዶው ተጫዋች ወደ ባዶው ጎል መሮጥ ጀመረ፣ ሩኒ ከኋላ ደርሶ ተንሸራቶ ነጠቀው፣ ተነሳ፣ ትንሽ ገፋ፣ ከሩቅ አሻማት፣ አኮስታ በጭንቅላቱ አገባት። 3 ለ 2። ለአኮስታ ሦስተኛ ጎሉ ነበር። ያላያችሁት ካላችሁ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ እዩት፣ ልጆቻችሁንም አሳዩአቸው፤ በክለብ ደረጃ ሁሉን ነገር ያሸነፈ ሰው በአዲስ ክለብ በ96ኛው ደቂቃ እንደዚያ ሲሮጥ።

አሁን የደካማውን ጎን። ዲሲ ዩናይትድ ከ2019 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ዋንጫው የሚለይበት ፕሌይ ኦፍ ውስጥ አልገባም። በ2024 የቡድኑ አጥቂ ቤንቴኬ 23 ጎል አግብቶ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ፣ ቡድኑ ግን ያኔም ቀረ። በ2025 የሊጉ መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ። ከየምድቡ ዘጠኝ ቡድን በሚያልፍበት ሊግ ውስጥ ይሄን ያህል መቅረት ያሳፍራል፤ ደጋፊው ከዚህ የተሻለ ይገባዋል። ክለቡን የምወደው ስለሆነ ነው የምለው።

ይሁንና እንግሊዝን ለለመደ ሰው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኤምኤልኤስ ውስጥ ወራጅ ቀጠና የለም። ለደመወዝ ጣሪያ አለው፣ ከጣሪያው በላይ የሚከፈላቸው ጥቂት ተጫዋቾች ናቸው፣ ያም ደንብ በ2007 ለቤካም ሲባል የገባ ነው። ስለዚህ መጨረሻ የወጣ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ዋንጫ ሊበላ ይችላል። ሠንጠረዡን አንደኛ ሆኖ የጨረሰም ሻምፒዮን አይባልም፣ እሱ ሰፖርተርስ ሺልድ ይወስዳል፣ ዋናው ዋንጫ በፕሌይ ኦፍ ነው። መጀመሪያ ግራ ያጋባል። እኔ በበኩሌ ወራጅ ቢኖር እመርጣለሁ፣ ያለ ፍርሃት የሚደረግ የመጨረሻ ጨዋታ ጣዕም ይጎድለዋል። ግን ለአዲስ ደጋፊና ለልጅ፣ ቡድኑ እንደማይጠፋበት ማወቁ ክፉ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምመክረው ግን ሌላ ነው። ሴት ልጅ ካላችሁ፣ ወይም ዝም ብላችሁ ጥሩ ኳስ ማየት ከፈለጋችሁ፣ እዚያው ኦዲ ፊልድ ላይ የሚጫወተውን ዋሽንግተን ስፒሪትን እዩ። በ2021 የሴቶቹን ሊግ ዋንጫ ወስደዋል፣ በ2024 እና በ2025 ሁለቱንም ጊዜ ፍጻሜ ደርሰው 1 ለ 0 ተሸንፈዋል። ትሪኒቲ ሮድማን በክንፍ ስትነሳ ስታዲየሙ አብሯት ይነሳል። ይሄ ቡድን ያሸንፋል፣ ያጠቃል፣ ሰው ይሞላለታል። በአሁኑ ሰዓት ከሁለቱ ለአንዱ ትኬት መግዛት ካለባችሁ ያለጥርጥር ለስፒሪት ግዙ።

ስለ ሴቶች ኳስ ሲወራ ደግሞ ናኦሚ ግርማን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። ሳን ሆዜ ካሊፎርኒያ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደች። አባቷ እዚያ ላሉ አበሻ ቤተሰቦች ማለዳ የሚባል የኳስ ቡድን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ኳስ የጀመረችው እዚያ ነው። በ2022 የሊጉ አንደኛ ተመራጭ ሆና ሳን ዲየጎ ገባች፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ከአሜሪካ ቡድን ጋር የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች፣ በጃንዋሪ 2025 ቼልሲ በ1.1 ሚሊዮን ዶላር ወሰዳት። በሴቶች ኳስ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች ናት። ተከላካይ ሆና! የእኔ ልጅ የናኦሚን ማልያ ለብሳ ነው ስፒሪትን የምታየው፣ ማንም ምንም አላላትም። ሁለት ቡድን መውደድ ይቻላል። አንዱ የምትሄዱበት፣ አንዱ የምታዩት። ቅዳሜ ጠዋት አርሴናል፣ ማታ ኦዲ ፊልድ፣ ማንም አይጣላም።

ከዲሲ ውጭ ላላችሁ ባጭሩ፦ ሲያትል ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ሳውንደርስ ከሊጉ ምርጥ ደጋፊ ካላቸው አንዱ ነው። አትላንታ ዩናይትድ በ2017 ሊጉን ተቀላቅሎ በ2018 ዋንጫ በላ፣ የፍጻሜውን ጨዋታ 73,019 ሰው ነው የተመለከተው። ሚኔሶታ ያላችሁ ከ2019 ጀምሮ ጥሩ ስታዲየም አላችሁ፤ እዚያ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም ኤምኤልኤስ ተጫውቶ በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ለዋልያዎቹ መሰለፉንም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ላስ ቬጋስ ኤምኤልኤስ የለም፣ በአንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ላይትስ ግን አለ፣ እሱንም አትናቁ።

ቤት ሆናችሁ ኤምኤልኤስን ለማየት ከ2026 ጀምሮ ነገሩ ቀሏል። ቀድሞ ከአፕል ቲቪ ክፍያ ሌላ ለብቻው የሊግ ክፍያ ነበረው፤ አሁን መደበኛው የአፕል ቲቪ አባልነት ብቻ ይበቃል። የመጨረሻ ምክሬ ስለ ወቅቱ ነው። ሊጉ ከ2027 አጋማሽ ጀምሮ እንደ አውሮፓ ከጁላይ እስከ ሜይ ሊጫወት ወስኗል፣ መሃል ላይ የክረምት ዕረፍት ይኖራል። ይሄ ማለት ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ጨዋታ በብርድ ወራት ይሆናል። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ለመጀመር ካሰባችሁ በሞቃቱ ወራት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከበሮው ከሚመታበት ጥግ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ጎኑ ላይ ያለውን መቀመጫ ያዙ። ልጆቹ ትንሽ ሲለምዱ ራሳቸው ወደ ከበሮው እንሂድ ይሏችኋል።